ለቤት የሚሆን ርካሽ ኢምፓክት
ወንድሜ፣ ኮሮላህን ድሬ ላይ ራስህ ለመጠገን ርካሽ ኢምፓክት (ዳዶ እየመታ የሚፈታና የሚያስር ማሽን) የቱ ይሻላል ላልከው፣ በእኔ እምነት ባለ 20 ቮልት የባትሪው ይበቃሃል። ካርቶኑ ላይ 1000 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) የሚለው አያማልልህ። የኮሮላ የጎማ ዳዶ የሚታሰረው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ዝጎ ቢጣበቅ እንኳ እውነተኛ 300 ካለው አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ስትሄድ ባትሪውን አስገብተህ ሞክረው። ባትሪው ለብቻው እንደሚሸጥም ጠይቅ፤ ርካሾቹ ላይ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው።

ቡሶላው (ዳዶው ላይ የሚገባው ጭንቅላት) ግን ጥቁሩ፣ የኢምፓክት የራሱ ይሁን። የሚያብለጨልጨው የእጅ ቡሶላ ምቱን አይችልም፤ ተሰንጥቆ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። እባክህ እዚህ ላይ ብር አትቆጥብ። ስታስር ዳዶውን መጀመሪያ በእጅህ አስይዘው፣ መጨረሻውን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ ጨርስ። ባትሪውን ደግሞ በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ ትተኸው እንዳትሄድ።