የታመመ ወንድሜን ፖሊስ ይዞት ነበር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም አለበት። መድኃኒቱን አቋርጦ ነበርና አንድ ሌሊት ተነሥቶበት የጎረቤት መስኮት ሰባበረ። ፖሊስ ወሰደው። አሁን በዋስ ወጥቷል፤ ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። እናቴ «እዚያው ጣቢያ ቢቆይ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ» ትላለች። ለንደን ያለችው አክስቴ ደግሞ እዚያ አገር ፖሊስ ሕመምተኛን የሚይዝበት ራሱን የቻለ ሕግ አለ አለችን። እኛስ ጋ? ዳግም ቢያዝ ምን እናድርግ?
ሰ.፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርላችሁ። እናትሽ አይፈረድባቸውም፤ እንቅልፍ አጥተው የከረሙ ሰው ናቸው። ግን ጣቢያ ሆስፒታል አይደለም።

አክስትሽ ልክ ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ፣ እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ አንቀጽ 136 ፖሊስ ሕመም የተነሣበትን ሰው፣ ወንጀል ባይሠራም፣ ደኅንነቱ ወደሚጠበቅበት ቦታ እንዲወስደው ይፈቅዳል። የሚወሰደው እንዲመረመር ነው። ገደቡ ድሮ 72 ሰዓት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ 24 ሆኗል። ወንድምሽ የተያዘው ግን ስለታመመ አይደለም፤ መስኮት ስለሰበረ ነው። ተጠርጣሪ ነው ማለት ነው። ይሄ ከገባሽ ሌላው ይቀላል።

ተጠርጣሪ ከሆነ የተጠርጣሪ መብት አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ፣ ሐኪምና የሃይማኖት አባት እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ስለዚህ ዳግም ቢያዝ፣ አያድርገውና፣ መጀመሪያ «በምን ተጠርጥሮ ነው?» በዪ። የሆስፒታል ካርዱንና መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ፤ ለመርማሪው አሳዪ፣ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍም ጠይቂ። «ያመዋል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጣቢያ ደጃፍ ይህን የማይል ቤተሰብ የለም።

ዳኛ ፊትም ያው ካርድ ይቅረብ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 ዳኛው ከተጠራጠረ ባለሙያ እንዲያስመረምር ያዛል። ድርጊቱን ሲፈጽም የሚሠራውን የማያውቅ ወይም ራሱን መግዛት የማይችል ከነበረ በአንቀጽ 48 አይቀጣም። «እብድ አይከሰስም» የሚሉት ግን የሰፈር ወሬ ነው። ይከሰሳል። ባይቀጣም ፍርድ ቤቱ እንዲታከም ወይም ተቋም ውስጥ እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል።

አሁን ውጭ እያለ ግን ሕክምናውን አስጀምሩት። መርካቶ አማኑኤል ድረስ መሄድ ከከበዳችሁ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባችኋል፤ የአእምሮ ሕክምና እዚያም አለ። ጠበል መውሰድ ካሰባችሁ ውሰዱት፣ እኔም አማኝ ነኝ፤ ክኒኑን ግን አታስቁሙት።

ጎረቤታችሁን አነጋግራችኋል? መስታወቱን አሠሩለት፣ ሽማግሌ ላኩበት። ቀላል የንብረት ጉዳት በግል አቤቱታ የሚታይ ነው። ሰውየው አቤቱታውን ካነሣ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል።