መልስ፦ 15 ዓመት የቆመ ሆንዳ ሲ90፣ ፔዳሉ አልወርድ አለኝ

ወንድሜ፣ 15 ዓመት የቆመው የአባትህ ሞተር የማስነሻ ፔዳሉ አልወርድ ካለህ በጉልበት እንዳትረግጠው። እኔ ረግጬ የፔዳሉን ጥርስ ጨርሼዋለሁ።

ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ በዝገት ተጣብቆ ይሆናል። ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን) ፍታና በቀዳዳው ሁለት ማንኪያ ቀጭን ዘይት ከናፍታ ጋር ቀላቅለህ ጨምር። የሲ90 ሲሊንደር የተጋደመ ነው፤ ዘይቱ ወደ ታች ብቻ እንዳይተኛ የፊት ጎማውን ከፍ አድርገህ አቁመው። ሦስት ቀን ይጠጣ። ከዚያ የግራውን ክዳን ፍታና ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ክብ ብረት) በእጅህ ወዲያ ወዲህ በቀስታ ነቅነቅ አድርገው። እምቢ ካለ ዘይት ጨምረህ ጠብቅ፤ መዶሻ አታንሳ!

ሲላቀቅ የድሮውን የሞተር ዘይት አፍስስ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ካርቡራተሩንም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) እጠበው፤ ቀጭኗን ቀዳዳ ግን በአየር እንጂ በሽቦ እንዳትነካት። ስትፈታ ሁሉንም በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ የተረፈ ብሎን እንቅልፍ ይነሳል።