የናፍጣ ሞተር ላስገባ ነው፤ ሊብሬዬ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ደራ አካባቢ የሽንኩርት ማሳ አለኝ። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ተራ መኪና አይገባም። ስለዚህ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዛሁ። ሞተሩ 3ኤፍ ቤንዚን ነው፤ ሊብሬውም ላይ እንደዚያው ተመዝግቧል። ግን ዘይት ይበላል፣ የቤንዚኑንም ወጪ አልቻልኩትም። የአይሱዙ ኤንፒአር ናፍጣ ሞተር፣ 4ቢዲ1፣ ያገለገለ ገዝቼ ጋራዥ ወሰድኩ። ባሌስትራውን ከፍ አድርጌ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥሜ፣ ከፊት ዊንች፣ ከኋላ ደግሞ አዲስ የጭነት ሳጥን ላሠራለት ነው። ሞተሩን የሸጠልኝ ሰው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ሰጠኝ። የጋራዡ ባለቤት «መጀመሪያ ሥራው ይለቅ፤ ሊብሬው በኋላ ይስተካከላል» ይለኛል። በሁለት ወር ሊያስረክበኝ በቃል ተስማምተን ግማሹን ከፍዬው ነበር። ይኸው ስድስተኛ ወሩ፤ ሞተሩ አሁንም ወለል ላይ ነው። ዕቃ ተወደደ ብሎም ተጨማሪ ብር ይጠይቀኛል። ሕጉ ምን ይላል? ከአዳማ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሞተሩ ገና ወለል ላይ መሆኑ አናድዶዎታል። ለእኔ ግን ከደብዳቤዎ ውስጥ ደስ ያለኝ ነገር ይኼ ነው። እባክዎ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ሞተሩ እንዳይገባ ለጋራዡ ይንገሩ።

ሞተር መቀየር በራሱ ጥፋት አይደለም። ይህን መጀመሪያ የምለው ብዙ ሰው ፈርቶ ነገሩን ተደብቆ ስለሚሠራው ነው፤ የሚጎዳውም መደበቁ ነው። ሰው ወደዚህ ለምን እንደሚሄድ ይገባኛል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ በአሮጌ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ማሳው ጭቃ ውስጥ ያለ ሰው እጁ ላይ ያለውን መኪና አድሶ መሥራቱ ተገቢ ነው።

ጉዳዩን የሚገዛው ዋናው ሕግ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። መኪናዎ በመዝገብ የሚታወቀው በታርጋው ብቻ አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ የነዳጁ ዓይነት፣ የአካሉ ዓይነትና የጭነት ልኩ ሁሉ ተጽፏል። ከእነዚህ አንዱን ሲለውጡ ሊብሬውን የሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አውቆት፣ ፈቅዶትና መርምሮት መዝገቡን ማስተካከል አለበት። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ሲሄዱ ቢያንስ የሞተር ቁጥሩና የነዳጁ ዓይነት ይለወጣሉ። አዲሱ ሳጥን ሲጨመር ደግሞ አካሉም ይለወጣል። የመኪናው ፋይል አዲስ አበባ ወይም ሌላ ክልል ከሆነ ጉዳዩ የሚጀመረው እዚያ ነው፤ አዳማ ስለሚኖሩ ብቻ አዳማ አይጨርሱትም።

«ሊብሬው በኋላ ይስተካከላል» የሚለው የጋራዥ ቃል ብዙ ሰው ጉድ ሠርቷል። መሥሪያ ቤቱ «ሞተሩ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ከሌለ ሞተሩ ገብቶ፣ ቀለሙ ተቀብቶ፣ ብሩ አልቆ መኪናው ግቢ ይቆማል። ዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ስለማይመሳሰል ቦሎ አያገኙም። ሊሸጡትም ቢሞክሩ ገዢው ብሩን ይዞ ቆሞ ቦኔቱን ከፍቶ ቁጥሩን ሲያነብ ነገሩ እዚያው ይበላሻል።

ስለዚህ የሞተሩን ወረቀት ቀድመን እንየው። በእጅ የተጻፈችው ወረቀት እንደማስረጃ ዋጋ የላትም አልልም። ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደከፈሉት ታሳያለች። ለመዝገቡ ግን አትበቃም። ያገለገለ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከውጭ የገባ ነው። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩን የያዘ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም ከአስመጪው የተሰጠ ሕጋዊ ደረሰኝ መኖር አለበት። ከሌለ ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ ሊወረስ ይችላል፤ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 በዚህ ላይ አይቀልድም። የጅቡቲው መንገድ በደጃችሁ ስለሚያልፍ አዳማ ውስጥ ወረቀት የሌለው ዕቃ በርካሽ መገኘቱ አይገርምም። ርካሽነቱ ራሱ ሊያስጠረጥርዎ ይገባል።

ሁለተኛው እዚሁ አገር ከተመዘገበ መኪና የወረደ ነው። የተገለበጠ አይሱዙ ሞተሩ ብቻ ተርፎ ይሸጣል። ይህ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ኢንሹራንስ ኩባንያ በጨረታ የሸጠው ከሆነ የጨረታውን የሽያጭ ሰነድ ይጠይቁ። ከግለሰብ ከሆነ ደግሞ የዚያን መኪና ሊብሬ ይዩ፤ ቁጥሩ ይመሳሰላል? የሻጩ ስም ነው? ያ መኪና የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትም ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ያጣሩ። አንድ የሞተር ቁጥር በሁለት መኪና ስም ሊመዘገብ አይችልም፤ ስለዚህ ከዚያኛው ፋይል እንዲወርድ መደረግ አለበት።

የምፈራው ሞተሩ የተሰረቀ እንዳይሆን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1165 ዕቃው የተሰረቀበት ባለቤት ንብረቱን እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። እርስዎ በቅን ልቦና መግዛትዎ ሞተሩን አያስቀርልዎትም፤ ከሻጩ ጋር ወደ መካሰስ ነው የሚሄዱት። ነገሩ ይባስ ብሎ፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 682 የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት እየነበረበት ዕቃ የተቀበለን ሰው ይቀጣል። «መገመት እየነበረበት» የሚለውን ልብ ይበሉ። ዋጋው ከገበያው በጣም ያነሰ፣ ሻጩ ሱቅ የሌለው፣ ሰነድ ሲጠየቅ ነገ ነገ የሚል ከሆነ ዐቃቤ ሕግ መገመት ነበረበት ብሎ ይከራከራል።

ዛሬውኑ ጋራዥ ይሂዱና ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ይፈልጉ። በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዘው ቅባቱን ይጥረጉለት። በባትሪ መብራት ከጎን ያብሩበት። ቁጥሩ ዙሪያ ያለው ብረት ከሌላው ቦታ ይልቅ ከለሰለሰ፣ የግራይንደር ጭረት ካለበት፣ ወይም አኃዞቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ከተመቱ ሞተሩን አይንኩት። ሻጩን ጠርተው ብርዎን ይጠይቁ። እንቢ ካለ ለፖሊስ ማመልከቱ ይሻላል፤ ቀድሞ የተናገረና ሲያዝ የተናገረ ሰው አንድ አይደሉም። ቁጥሩ ንጹሕ ከሆነ ፎቶ ያንሱት፤ ሻጩም ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ የመጣበት መንገድና የሁለታችሁ ማንነት የሰፈረበት የሽያጭ ውል በምስክር ፊት ይፈርምልዎ፤ የሞተሩን የመነሻ ሰነድም ያስረክብዎ።

ማንም ሰው ሻንሲውን ቆርጦ ላርዝመው ወይም ቁጥሩን በሌላ ቦታ ልምታልህ ቢልዎ እሺ እንዳይሉ። ሞተር ይቀየራል፤ ሻንሲው ግን የመኪናው ማንነት ነው። ቁጥሩን ማጥፋትና ዳግም መምታት ጉዳዩን ከትራንስፖርት ቢሮ አውጥቶ ወደ ወንጀል ችሎት ይወስደዋል።

አሁን ደግሞ ያልጠየቁኝን ልንገርዎ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሕሊናዬ አይፈቅድም። የቤንዚን ሞተር ሲሠራ በራሱ አየር ይስባል፤ የፍሬን ሰርቮው፣ ማለትም ፔዳሉን ሲረግጡ ጉልበት የሚጨምርልዎ ዕቃ፣ የሚያግዝዎት በዚያ ስበት ነው። ናፍጣ ሞተር ያ ስበት የለውም። ስለዚህ ቫኪዩም ፓምፕ ይፈልጋል፤ በእነዚህ አይሱዙዎች ላይ ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ነው ያለው። ችግሩ የኤንፒአር መብራት በአብዛኛው 24 ቮልት፣ የላንድክሩዘርዎ 12 ቮልት መሆኑ ነው። መካኒኩ የ24ቱን ዲናሞ አውልቆ ፓምፕ የሌለው የ12 ዲናሞ ሲያስር ሞተሩ ይነሳል፣ መብራቱም ይበራል። ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። ሽንኩርት ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ ነው የሚያውቁት።

ሕጉ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። በዚያ ሰዓት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ አያመልጥም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ግን የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ሙሉ ዋስትና ካለዎት ለኩባንያው የሞተሩን፣ የከፍታውንና የሳጥኑን ለውጥ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም ይያዙ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥር 668 ሆን ብሎ ነገር የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው የመድን ውሉ ፈራሽ እንደሚሆንበት ይደነግጋል። ሊብሬው ቤንዚን እያለ መኪናው በናፍጣ ሲሄድ ኩባንያው ለመከራከሪያ ሩቅ አይሄድም። ለሰው እቃ በኪራይ የሚጭኑም ከሆነ ታርጋው ለንግድ የሚሆነው መሆኑን አብረው ያረጋግጡ።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። የቃል ስምምነታችሁ ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1719 በመርሕ ደረጃ ውል የተለየ ፎርም አይፈልግም ይላል። ጭንቁ ማስረዳቱ ላይ ነው። የባንክ ማስተላለፊያ፣ የቴሌግራም መልእክት፣ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ሰብስበው ያስቀምጡ። ዋጋውን ቆርጣችሁ ተስማምታችሁ ከሆነ «ዕቃ ተወደደ» ብቻውን ውሉን አይለውጠውም። ቁጥር 1764 የአንዱ ወገን ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድበትም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። የተስማማችሁት የእጅ ዋጋውን ብቻ ሆኖ ዕቃው በእርስዎ ወጪ ከነበረ ግን የጨመረው የዕቃ ዋጋ የእርስዎ ነው፤ ደረሰኝ ማቅረብ ያለበት ደግሞ እሱ ነው። ደብዳቤዎ ይህን ስላልነገረኝ ራስዎ ያስታውሱ።

ስለ መዘግየቱ፣ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት በቁጥር 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ ይስጡት። አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦ መቼ እንደተስማማችሁ፣ ስንት እንደከፈሉ፣ ሥራው እንዳልተጠናቀቀ፣ እስከዚህ ቀን ካላስረከበ ውሉን አፍርሰው ብርዎንና ኪሳራ እንደሚጠይቁ ይጻፉ። ቀኑ ሥራው ሊያልቅበት የሚችል ይሁን፤ ሦስት ቀን ብለው ቢጽፉ ዳኛው አይወደውም። የሞተሩን ወረቀት ለማሟላት ሥራውን ራስዎ ካስቆሙ ያ ጊዜ በእሱ ላይ እንደማይቆጠር አብረው ይጻፉ፤ አለበለዚያ «እሱ ነው ያስቆመኝ» ይልዎታል። ጋራዡ ንግድ ፈቃድ ያለውና ደረሰኝ የሚቆርጥ መሆኑንም በዚህ አጋጣሚ ይዩ፤ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ማን እንደሠራው ሲጠይቅ የጋራዡ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልግዎታል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱን ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርምልዎ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዘው ይሂዱና በፊታቸው ያንብቡለት፤ ምስክሮቹ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ቅጂው ላይ ይፈርሙ።