«ዝግ ብዬ ነው የምሮጠው፤ ውድድር ልግባ ወይ?» የጀማሪ ሯጮች ጥያቄና መልስ

ሶምሶማ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «እንደኔ የሚዘገይ ሰው ውድድር ቢገባ ነውር አይሆንም?» እያሉ ነው። በጎዳና ላይ ሩጫዎች ለዓመታት ተሳትፌያለሁ። አሁን ደግሞ በውድድር ቀን የመጨረሻዎቹን ሯጮች ከኋላ ሆኜ የማጀብ የበጎ ፈቃድ ሥራ ስለምሠራ፣ ኋላ ላይ የሚሆነውን ሁሉ በቅርብ አያለሁ። ያሳሰባችሁን ሁሉ ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ነው የምሮጠው፤ ሲደክመኝ 9 ይሞላል። 10 ኪሎ ሜትር ልመዘገብ እልና ሰው ምን ይለኛል ብዬ እተወዋለሁ።

መልስ፦ ምንም አይልህም ወንድሜ። ፊት ያሉት አንደኛና ሁለተኛ ለመውጣት ስለሚፋለሙ ዞረው የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም። መሃል ያሉት ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነው። አንተ አጠገብ ያሉት ደግሞ እንዳንተው ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ይታገላሉ። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበውን ሕዝብ ካነሳን፣ ለኋለኞቹ ይበልጥ ሲጮህ ነው የማየው።

ሒሳቡን እንሥራው። በ8 ደቂቃ ከሄድክ 10 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ20 ትጨርሳለህ፤ በ9 ደቂቃ ከሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል። ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያስተናግዳሉ። ከመመዝገብህ በፊት የውድድሩን የጊዜ ገደብ እይ። ገደቡ ውስጥ የምትገባ ከሆነ ቦታው የአንተ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም።

ጥያቄ፦ የጊዜ ገደብ የምትሉት እንዴት ነው የሚሠራው? ካለፈኝ ከመንገድ ያስወጡኛል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ለዘገምተኛ ሯጭ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነውና።

ለውድድር የተዘጋ መንገድ ለተሽከርካሪ የሚከፈትበት ሰዓት አለው። ትራፊክ ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ ውሃ የሚያድለው በጎ ፈቃደኛ ሁሉም እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነው የሚቆዩት። ስለዚህ አዘጋጆቹ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ገደቡም ከውድድር ውድድር በጣም ይለያያል። የበርሊን ማራቶን 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ይህ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ያህል ማለት ነው። በለንደን ማራቶን ግን መንገዱን በ8 ሰዓት በሚያስጨርስ ፍጥነት ከኋላ የሚራመዱ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ያ በኪሎ ሜትር ከ11 ደቂቃ በላይ ስለሚሆን ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ሊደርስበት ይችላል። በደቡብ አፍሪካ የሚካሄደው ኮምሬድስ የሚባለው ሩጫ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ገደቡ 12 ሰዓት ነው፤ እዚያ ሰዓቱ ሲሞላ ተኩስ ይተኮሳል፣ በሰከንድ የዘገየ እንኳ ሜዳሊያ አያገኝም። የግማሽ ማራቶን ገደብ 3 ሰዓት ከሆነ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ያስፈልግሻል።

ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ገደቡ የሚቆጠረው መነሻው ላይ ሽጉጥ ከተተኮሰበት ቅጽበት ነው ወይስ የመጨረሻው ሯጭ መስመሩን ካለፈ በኋላ? ብዙ ሕዝብ ባለበት ውድድር ልዩነቱ ግማሽ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ በመንገዱ መሃል ሌላ ገደብ አለ ወይ? አንዳንዱ ውድድር «እስከዚህ ሰዓት 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያልደረሰ አይቀጥልም» ይላል።

ካለፈሽም በክፋት የሚያስወጣሽ የለም። አንዳንዱ ዘንድ ከኋላ የሚመጣ አውቶቡስ ያነሳሻል፤ አንዳንዱ ዘንድ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥተሽ በራስሽ እንድትቀጥዪ ይነግሩሻል፤ ውሃውና አጃቢው ግን አይኖርም። ገደቡ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ለመድረስ አስበሽ አትመዝገቢ። ለመጸዳጃ ወረፋ፣ ለጫማ ማሰሪያ፣ ላልጠበቅሽው ዳገት የሚሆን ትርፍ ጊዜ ይኑርሽ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም መጨረሻ ብወጣስ?

መልስ፦ በጣም ከፈራህ ፓርክረን በሚባለው ዓይነት ጀምር። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ የተጀመረ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚካሄድ፣ ክፍያ የሌለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። የጊዜ ገደብ የለውም፤ ከኋላ የሚራመድ በጎ ፈቃደኛ ስላለ መጨረሻ የሚወጣው ሁልጊዜ እሱ ነው። እኔ የምሠራውም ሥራ ይህንኑ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ሩጫ አጠገብህ ባይኖርም ግን፣ መጨረሻ መውጣት የማያሳፍር ነገር መሆኑን የሚያስረዳ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። የታንዛኒያው ጆን ስቴፈን አክዋሪ መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ እያነከሰ ስታዲየሙ የገባው ከማሞ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ከጨረሱት 57 ሯጮች 57ኛ ወጣ። ከ15 በላይ የሚሆኑ ሯጮች ግን ከነጭራሹ አልጨረሱም። ያን ቀን ሲነሳ ከማሞ ቀጥሎ ስሙ የሚጠራው ሁለተኛ የወጣው ሳይሆን አክዋሪ ነው። (እንዲህ ስል በጉዳት ሩጡ ማለቴ አይደለም፤ ጉልበታችሁ ከተጎዳ ቁሙ።)

ጥያቄ፦ መነሻው ላይ የት ልቁም? ጓደኛዬ «ከፊት ቁሚ፣ ጊዜ ታተርፊያለሽ» አለችኝ።

መልስ፦ አትስሚያት። ዘገምተኛነት ለሌላ ሰው ችግር የሚሆነው እዚህ ቦታ ላይ ነው። በ4 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በ8 ደቂቃ ከሚሮጥ ሰው ኋላ ሲነሳ መጋጨት አለ፣ መውደቅ አለ። የሚረገጠውም የወደቀው ነው። ከኋላ ቁሚ፤ ምድብ ተለይቶ ከተሰጠሽ ምድብሽን ጠብቂ።

ጊዜ ይባክንብኛል ብለሽ አትስጊ። በአብዛኛው ትልልቅ ውድድር የደረት ቁጥርሽ ላይ ወይም ጫማሽ ላይ ቺፕ አለ። መነሻውን መስመር ስትረግጪ መቁጠር ይጀምራል፣ መጨረሻውን ስትረግጪ ያቆማል። ከተኩሱ 10 ደቂቃ ዘግይተሽ ብትነሺም የራስሽ ሰዓት አይነካም። (ገደቡ ከተኩሱ የሚቆጠር ከሆነ ግን ያ 10 ደቂቃ ከገደቡ ላይ ይቀነስብሻል፤ አስቢበት።)

መንገድ ላይም ጥቂት ሥርዓት አለ፦ አራት ሆናችሁ ጎን ለጎን አትሩጡ፤ ልትራመጂ ስትይ በድንገት ቀጥ አትበዪ፣ እጅሽን አንሥተሽ ወደ ዳር ውጪ፤ ውሃ ስትወስጂ ጠረጴዛው ፊት አትቁሚ፣ አለፍ ብለሽ ጠጪ። ይህን የሚጠብቅ ዘገምተኛ ሯጭ ማንንም አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ እየሮጥኩ እየተራመድኩ ብጨርስ «ሮጥኩ» ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ። የጎዳና ሩጫ ደንብ መራመድን አይከለክልም። ጄፍ ጋሎዌይ የሚባል አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር አገሩን ወክሎ የሮጠ ሰው፣ ጀማሪዎችን ያሠለጠነው ሩጫና እርምጃን በማፈራረቅ ነው። ትልቁ ምክሩ፦ እርምጃውን ከመድከምህ በፊት ጀምር። ለምሳሌ 2 ደቂቃ ሮጠህ 1 ደቂቃ ተራመድ፤ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር አንሥቶ። እስኪዝል ሮጦ ከዚያ የሚራመድ ሰው ዳግመኛ ለመሮጥ ይቸገራል። በዕቅድ የሚያፈራርቀው ግን መጨረሻ ላይ ብዙዎችን ሲያልፍ በዓይኔ አያለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም አበጀህ እያለ ነው እንጂ፣ ማራቶንን በ7 ሰዓት መጨረስ የውድድሩን ክብር የሚቀንስ ይመስለኛል። ውድድር ለሚወዳደር ሰው ነው።

መልስ፦ አልስማማም፤ ሐሳብህን ግን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ክብሩ በብቃት እንዲጠበቅ የሚፈልግ ውድድር መስፈርት ማውጣት ይችላል፤ የሚያወጣም አለ። የቦስተን ማራቶን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለመግባት የሰዓት ማሟያ ይጠይቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት 4 ሰዓት ነበር፣ ዛሬ በዕድሜና በፆታ የተከፋፈለና እጅግ የጠበቀ ነው። ሌላው ውድድር በሩን ከፍቶ «በዚህ ሰዓት ውስጥ ጨርሱ» ካለ፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ የጨረሰ ሰው የተጠየቀውን አሟልቷል። ከፊት የሚሮጠው ሰው ከኋላ ባለው ምን ይጎድልበታል? ሽልማቱም ሰዓቱም የራሱ ነው። 7 ሰዓት ሙሉ እግሩ ላይ የሚቆም ሰው የሚከፍለው ድካም ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አሸናፊው ገላውን ታጥቦ በልቶ ሲያርፍ እሱ ገና ፀሐይ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ልጄ 5 ኪሎ ሜትር አስመዘገበችኝ። በወጣት መሃል መግባቱ ከበደኝ።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። በብዙ ውድድር ውጤት በዕድሜ ምድብ ተለይቶ ስለሚወጣ የሚወዳደሩት ከእኩዮችዎ ጋር ነው። ብዙ ጊዜ ከተቀመጡ፣ ወይም የልብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ጉዳይ ካለ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በሩጫው መሃል ደረትዎን ቢጨንቅዎ፣ ቢያዞርዎ፣ ትንፋሽዎ ባልተለመደ ሁኔታ ቢቆራረጥ ወዲያው ቆመው እርዳታ ይጥሩ። ከዚህ ውጪ አረማመድዎን ራስዎ ይወስኑ፤ ልጅዎም እርስዎን ትከተል።

ጥያቄ፦ ለዘገምተኛ ሯጭ የተለየ ጫማ አለ?

መልስ፦ የለም። የሚመችህና በልምምድ የለመድከው ይሁን። በውድድር ቀን አዲስ ጫማ አታድርግ።

ጥያቄ፦ ረጅም ሰዓት መንገድ ላይ ስለምቆይ ውሃ በብዛት ልጠጣ አይደል?

መልስ፦ ተጠንቀቂ፤ ይህ በተለይ የኋለኞችን የሚነካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶንን የጨረሱ 488 ሯጮች ደማቸው ሲመረመር፣ 13 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሶዲየም መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። ብዙ ጠጥተው በሩጫው ላይ ክብደት የጨመሩትና ከ4 ሰዓት በላይ የወሰዱት ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚሮጥ ሰው ላቡ በአንጻሩ ያነሰ ነው፣ በየጣቢያው ለመጠጣት ግን ሰፊ ጊዜ አለው። ውሃው ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ሲከፋ ሕይወት ያሳጣል። ሲጠማሽ ጠጪ፤ ጣቢያ በደረስሽ ቁጥር አትጠጪ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የምትቆዪ ከሆነ ኃይል የሚሰጥ ነገርም ያስፈልግሻል፤ የተለመደው ምክር በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። በልምምድ ጊዜ ሞክሪው፤ ሆድሽ የሚቀበለውን የምታውቂው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ውድድሬን ማራቶን ባደርገውስ?

መልስ፦ እኔ አልመክርህም። 42 ነጥብ 195 ኪሎ ሜትር ፈጣኑን ሯጭ ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ይለቀዋል፤ ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ነው የሮጠው። አንተን ግን ስድስት ሰዓት ይይዝሃል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጉልበትህ ምድርን ይመታል፣ ቆዳህ ከልብስህ ጋር ይፋተጋል። 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ሮጠህ፣ የውድድርን ጠባይ አውቀህ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ማራቶን እለፍ። ማራቶኑ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ በየቀኑ እስኪያልበኝ እሮጣለሁ፤ ፍጥነቴ ግን ፈቅ አይልም።

መልስ፦ ምናልባት ልምምድህ ላይ ከሚገባው በላይ እየፈጠንክ ነው። አብዛኛው ሩጫህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራህ የምትሮጠው ይሁን። ካላወራህ ፍጥነትህን ቀንስ። እንደዚያ ስትሮጥ ሳትጎዳ ብዙ ደቂቃ መቆየት ትችላለህ፤ የጀማሪን ብቃት የሚገነባው ደግሞ የተጠራቀመው ደቂቃ ነው። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በቂ ነው፤ በመሃል ዕረፍት ይኑርህ። ሰውነትህ ሲለምድ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቀላል ሩጫ በኋላ፣ ጥቂት የ20 ሰከንድ ፈጣን ሩጫዎች ጨምር። በውድድሩ ዕለትም የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በልምምድ ፍጥነትህ ሂድ። ሕዝቡ ይዞህ ይሮጣል፣ ጭብጨባው ያሞቅሃል፤ ቶሎ የሚይዝ ውጋት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ነው የተመዘገብነው። እሱ ከእኔ በጣም ይፈጥናል፤ አብረን እንሩጥ ይላል።

መልስ፦ ከመነሻው በፊት ተነጋገሩ። አብራችሁ ከሆነ ፍጥነቱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ እሱ ከጎንሽ ይሁን እንጂ ሁለት እርምጃ ከፊትሽ ሆኖ አይጎትትሽ። ፊት ፊት የሚሄድ ሰው መከተል ሳይታወቅ ያፈጥናል፣ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያዝላል። እሱ ሰዓቱን ማሻሻል ከፈለገ ደግሞ በየራሳችሁ ሩጡና ከመጨረሻው መስመር ባሻገር የምትገናኙበትን ቦታ ቆርጣችሁ ተለያዩ፤ እዚያ ሕዝብ ስለሚበዛ ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ።