አንድን ማይክ ለሁለት ሚክሰር መክፈልና ሁለት ማይክን ወደ አንድ ቻናል ማስገባት

ወንድማችን ያቀረቡት ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ የሰባኪውንና የመዘምራኑን ማይኮች ለአዳራሹ ሚክሰርም ለቀጥታ ስርጭቱ ሚክሰርም በአንድ ጊዜ ማድረስ ይፈልጋሉ፤ ቻናል (የሚክሰር መግቢያ) ስላነሳቸው ደግሞ የመዘምራኑን ማይኮች ሁለት ሁለት አድርገው በዋይ ኬብል (እንደ Y ፊደል አንዱ ጫፉ ለሁለት በተከፈለ ኬብል) ወደ አንድ መግቢያ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በአዳራሽ ድምፅ ሥራ ካየሁት በመነሣት የምመልሰው፣ መክፈሉ በአግባቡ ከተሠራ ይቻላል፣ ማጣመሩ ግን በኬብል ብቻ ሊሞከር አይገባም የሚል ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም መሣሪያው ለድምፁ ምልክት ያለው በኦም የሚለካ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ነው። የአንድ ማይክ መውጫ 200 ኦም፣ የሚክሰሩ የማይክ መግቢያ ደግሞ 2000 ኦም ነው እንበል፤ እነዚህ የተለመዱ መጠኖች ናቸው። ማይኩ ለሁለት ሚክሰር ሲከፈል የሚሸከመው ጭነት ወደ 1000 ኦም ይወርዳል፤ በዚህ የሚጠፋው ድምፅ ከ1 ዴሲቤል ስለማይበልጥ ጌይኑን (የሚክሰሩን የማይክ ማጉያ) ጥቂት ከፍ ማድረግ ይበቃል። ሁለት ማይኮች በአንድ መግቢያ ሲገናኙ ግን አንዱ ለሌላው የ200 ኦም ጭነት ይሆንበታል፤ ወደ 6 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ይጠፋል፣ የድምፁም ጥራት ሊበላሽ ይችላል፣ የእያንዳንዱን መጠን ለየብቻ ማስተካከልም አይቻልም። ማብሪያ ያላቸው አንዳንድ ዳይናሚክ ማይኮች (ከሚክሰሩ ኃይል የማይፈልጉት) ሲጠፉ ድምፁን የሚያወጡትን ሁለት ፒኖች፣ ፒን 2ን ከፒን 3 ጋር፣ ስለሚያገናኙ፣ አንዷ ዘማሪ ማይኳን ስታጠፋ የጎረቤቷም ድምፅ አብሮ ይጠፋል። ኃይል በሚፈልገው በኮንደንሰር ማይክ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሚክሰሩ በማይኩ ኬብል የሚልከው የፋንተም ፓወር 48 ቮልት የሚያልፈው በሁለት የ6800 ኦም ሬዚስተሮች በኩል ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 3 ሚሊአምፒር የሚስቡ ሁለት ማይኮች ቢጋሩት የሚደርሳቸው 28 ቮልት ያህል ብቻ ነው።

ወደ መክፈሉ ስንመለስ፣ ተራው የዋይ ኬብል ድምፁን ቢያደርስም ሁለቱን ሚክሰሮች በግራውንድ (በመሬት መስመር) ያገናኛቸዋል። አንዱ ከመድረኩ አጠገብ፣ ሌላው ከቪዲዮ ክፍሉ ሶኬት መብራት ሲወስዱ፣ ያ የምናውቀው የ50 ሄርዝ ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአንድ አዳራሽ ጉርምርምታው የሚሰማው የስርጭቱ ላፕቶፕ ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ነበር፤ ኬብል ሲለዋወጥ ከተዋለ በኋላ ነገሩን የፈታው ትራንስፎርመር ያለው ስፕሊተር (የማይክ መክፈያ ዕቃ) ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ሁለት ዓይነት መውጫ አለው። ቀጥተኛው መውጫ ፋንተም ፓወርን ስለሚያሳልፍ ወደ አዳራሹ ሚክሰር ይሄዳል፤ በትራንስፎርመር የተለየው መውጫ ደግሞ ፋንተምን ስለማያሳልፍ ወደ ስርጭቱ ይሄዳል፣ የግራውንድ ማቋረጫው ማብሪያም የሚነካው በዚህኛው ላይ ነው። ስለዚህ ፋንተም የሚበራው ከአዳራሹ ሚክሰር ብቻ መሆኑን ሁለቱም ባለሙያዎች አስቀድመው ሊስማሙ ይገባል። የሬዲያል ጄኤስ2 ለአንድ ማይክ የተሠራ የዚህ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ስምንት ቻናል በአንድ ሳጥን የያዙም አሉ። ጉርምርምታን ለማጥፋት ብሎ የመብራት መሰኪያውን የኧርዝ መስመር መቁረጥ ግን ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ስለሆነ እባካችሁ ማንም አያድርገው።

ለመዘምራኑ የሚሻለው አራት ቻናል ያለው ትንሽ ሚክሰር ነው፤ ማይኮቹን እዚያ አመዛዝነው ዋናውን መውጫ በትልቁ ሚክሰር የላይን መግቢያ (ከማይክ የበረታ ምልክት በሚቀበለው) ያስገቡት፣ በማይክ መግቢያ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ማይኮቹ በእርግጥ ያን ያህል ማስፈለጋቸውን ይመልከቱ። በሁለት ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ከማይኩ እስከ አፍ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ ዘማሪው ከማይኩ 60 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ቀጣዩ ማይክ 180 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል ማለት ነው። ከዚያ ሲቀራረቡ የአንዱ ሰው ድምፅ በጥቂት የጊዜ ልዩነት በሁለቱም ስለሚገባ ዝማሬው ባዶ በርሜል ውስጥ የተዘመረ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ከአራቱ ሁለቱን ማንሣት ድምፁን ያጠራዋል፣ የቻናሉም እጥረት አብሮ ይቃለላል።

ስፕሊተር ለመግዛት አቅም ለጊዜው ካልፈቀደ፣ ከአዳራሹ ሚክሰር በፕሪ ፌደር (የድምፁን መጠን ከሚቆጣጠረው ፌደር በፊት እንዲወጣ) የተስተካከለ የኦግዚለሪ (ተጨማሪ) መውጫ ለስርጭቱ ይስጡ። እንዲህ ሲሆን የአዳራሹ ባለሙያ ፌደር ቢያወርድም ስርጭቱ አይነካም፤ ጌይኑ ግን የጋራ ስለሆነ በልምምድ ሰዓት ከተወሰነ በኋላ አገልግሎቱ እስኪፈጸም ድረስ ማንም እንዳይነካው ያድርጉ።