ሹሩባ እና «ለሥራ የሚመጥን» መልክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ22 ዓመት ልጄ እዚሁ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ ሥራ ከጀመረች አራት ወር ሆናት። ባለፈው ሳምንት ሹሩባ ተሠርታ ስትገባ አለቃዋ ለብቻዋ ጠርታ «ይህ በእንግዳ ፊት ለሥራ የሚመጥን አይደለም፤ እስከ ሰኞ ፈትተሽው ነይ» አለቻት። እኔም «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብዬ ቅዳሜ ልፈታላት ተነጋገርን። እሷ ግን «እማዬ፣ አገሩኮ የእኔም ነው» ብላ አኩርፋኛለች። ለመሆኑ ከሁለታችን የተሳሳተው ማነው?
አንዲት እናት

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ተረቱ አልተሳሳተም፤ የወንዙ መሻገሪያ ግን እርስዎ ከሚያውቁት ቦታ ተዛውሯል። በሜሪላንድ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ዘር» የሚለው ቃል የፀጉርን ተፈጥሮ፣ እንዲሁም እንደ ጎፈሬ፣ ሹሩባና ቁንዳላ ያሉትን አሠራሮች ይጨምራል። እርስዎ የሚኖሩበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ክፍለ ግዛቱን ቀድሞ በ2019 ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል። ስለዚህ የአለቃዋ ንግግር ያስቀየመ ቃል ብቻ ሳይሆን አሠሪውን በሕግ ሊያስጠይቅ የሚችል ትእዛዝ ነው።

ለፀጉር የተለየ ሕግ ማውጣት ለምን እንዳስፈለገ ይገርምዎት ይሆናል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በዘር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ስለ ፀጉር ግን በስም የሚለው ነገር የለም። ክፍተቱን የሞሉት ፍርድ ቤቶች «ዘር ማለት ሰው ሊለውጠው የማይችለው ነገር ነው» በሚል መለኪያ ነው። በ1981 አንዲት ጥቁር የአየር መንገድ ሠራተኛ ሹሩባ በመከልከሏ ኒውዮርክ ውስጥ ከስሳ ስትሸነፍ፣ ፍርድ ቤቱ ሹሩባ በቀላሉ የሚቀየር ነገር ነው አለ፤ አሠሪው ያቀረበውንም ክርክር ጠቀሰ፤ ይኸውም ሴትዮዋ ፀጉሯን እንዲህ መሠራት የጀመረችው አንዲት ነጭ ተዋናይት በፊልም ላይ አሳይታ ፋሽን ካደረገችው በኋላ ነው የሚል ነበር። (ሹሩባን ከእናቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ክርክር ቢያስቅ አይፈረድበትም።) በ2016ም አላባማ ውስጥ ቁንዳላዋን አልቆርጥም ስላለች የተሰጣት ሥራ የተነሳባት ሴት ጉዳይ አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ምክንያት ውድቅ ሆኗል።

እኔ በዚህ መለኪያ የማልስማማው «ይለወጣል» በተባለው ነገር ውስጥ ዋጋውን የሚከፍለው ሁልጊዜ አንድ ወገን በመሆኑ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ፀጉር ያላት ሠራተኛ ማለዳ አበጥራ ብቻ «የምትመጥን» ስትሆን፣ ሌላዋ በካውያ መተኮስ ወይም የራስ ቆዳን በሚያቃጥል ማለስለሻ መቀባት፣ ለዚያም ከደመወዟ መክፈል ይጠበቅባታል። መለኪያው ማንንም ሳይለይ የወጣ ይመስላል፤ የወጣው ግን የአንደኛዋን ፀጉር አይቶ ነው። ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም፤ በ1786 ሉዊዚያና በስፔን ሥር ሳለች ገዥው እስቴባን ሚሮ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ፀጉራቸውን እንዲሸፍኑ አዝዞ ነበር። የኒው ኦርሊንስ ሴቶች ትእዛዙን የፈጸሙት እጅግ ባማረ ሻሽ ስለነበር፣ ሊያሳንሳቸው የታሰበው ነገር ጌጥ ሆነላቸው።

የልጅዎ መብት ግን በመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ልታውቅ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሕግ በ2019 በመጀመሪያ ያወጣችው ካሊፎርኒያ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ ክፍለ ግዛቶች ተከትለዋታል። ለአገሪቱ በሙሉ እንዲሆን የታሰበው ረቂቅ ግን በመጋቢት 2022 በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም ሴኔቱን አላለፈም። ሕጉ ባለበትም ቢሆን አተረጓጎሙ ሊጠብብ ይችላል፤ በ2024 የቴክሳስ ዳኛ አንድ ትምህርት ቤት የወንድ ተማሪን የፀጉር ርዝመት መገደቡ ሕጉን አይጥስም፣ ሕጉ ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ርዝመቱ አይናገርም ብለው ወስነዋል። ለደኅንነት ሲባል፣ ለምሳሌ ማሽን አጠገብ፣ ሠራተኛው ሁሉ ፀጉሩን እንዲያስር ማዘዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ግን ማሽን አይደለም።

አሁን ልታደርግ የምትችለውን ልንገርዎት። አለቃዋ በቃል የተናገረችውን ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳ ትመዝግብ፤ ከዚያም በኢሜይል፣ ትሕትና ባልተለየው ቋንቋ፣ ስለ ፀጉር የሚናገረው የሆቴሉ ደንብ በጽሑፍ እንዲሰጣት ትጠይቅ፤ ግልባጩንም ለሰው ኃይል ክፍል ታድርግ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ይበርዳል፤ በቃል የሚታዘዝ ሁሉ በጽሑፍ አይደገምምና። ካልበረደ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ300 ቀናት ውስጥ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ወይም ለሜሪላንድ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ትችላለች፤ ማመልከቻው አያስከፍልም፣ ጠበቃም ግድ አይደለም። በማመልከቷ መበቀልም የተከለከለ ነው።

የእርስዎን ስጋት ግን ከንቱ ነው አልልም። በሰዓት የሚከፈላት፣ አራት ወር ብቻ የሠራች ልጅ ስትከስ አለቃዋ ሳትቆጣ፣ ምክንያትም ሳትሰጥ የሥራ ሰዓቷን ልትቀንስባት ትችላለች፤ ይህ በቀል መሆኑን ማስረዳትም ወራት የሚፈጅ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን የቤት ኪራይ አይጠብቅም። በመብቱ መጠቀም ለባለ ቁጠባው የሚቀልለውን ያህል ለሌለው ይከብዳል፤ ስለዚህ ልጅዎ አመዛዝና ልፍታው ብትል ፈሪ አትባልም። ውሳኔው ግን የእሷ ይሁን፤ ኢሜይሉ ከአርብ በፊት ይላክ፤ የቅዳሜውንም ቀጠሮ መልሱ እስኪመጣ ያቆዩት።