የአባቴን ስንዴ ለከብት ልዝራው?

ከሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲል ጠይቆናል፦ «የአዲሱ ስንዴ ገለባ አጭር ነው፣ በሬዎቼን አላዳርስ አለኝ። አባቴ ያቆየው ረጅሙ ጥቁር ስንዴ ዘሩ አለኝ። ለከብት ብቻ ብዘራው ያዋጣል?»

ወንድሜ፣ ለከብት ብቻ ከሆነ አያዋጣህም። ለቤትም ለበሬም ከሆነ ግን ዝራው።

ያስተዋልከው ልክ ነው። አዲሶቹ ዝርያዎች ማዳበሪያ ሲያገኙ እንዳይጋሸቡ ቁመታቸው እንዲያጥር ተደርገው የተዳቀሉ ናቸው። የአገሩ ስንዴ ረጅም ነው፣ ገለባው ይበዛል፣ የጅሩን ጥቁር አፈርም ለምዶታል። ከማሳህ ጥቂቱን ስጠው። ፍሬው ለቂንጬና ለንፍሮ፣ ገለባው ለበሬ። ዩሪያ ግን አታብዛበት፣ ይተኛብሃል። ነባር ነው ብለህም ከዋግ በሽታ አትዘናጋ።

አሁን ዋናው ነገር። ገለባ በዛ ማለት ሰንጋ ሰባ ማለት አይደለም። የስንዴ ገለባ ፕሮቲኑ ከመቶ 3 ወይም 4 እጅ ቢሆን ነው፣ ከጤፍ ጭድ እንኳ ያንሳል። ስለዚህ በዩሪያ አክመው። ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ታሟሟለህ፣ በየንብርብሩ እያርከፈከፍክ በደንብ ትጠቀጥቀዋለህ፣ ከዚያ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍነህ 3 ሳምንት ታቆየዋለህ። ስታወጣው ሽታው እስኪለቅ አናፍሰው። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ አትስጥ። የተበጠበጠውን ዩሪያ ደግሞ ከብት እንዳይጠጣው አደራ፣ ይገድላል! ለሚደልበው በሬ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ጨምርለት፣ የባቄላ ገለባ ካለህም አትሽጠው።

ስንዴውን በአረንጓዴው ማጨድ ካማረህ ሲያብብ እጨደው፣ ጢሙ ከደረቀ የከብቱን አፍ ያቆስላል። ለአረንጓዴ መኖ ግን አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅለህ ብትዘራ ይሻልሃል፣ ቬቹ ፕሮቲን ይጨምርበታል።

ፍሬውን በብዛት ለበሬ መስጠት ይቅርብህ። ስንዴ ሆድ ውስጥ ቶሎ ይብላላል፣ ያልለመደ ከብት ሆዱ ይነፋል፣ መብላት ያቆማል፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒት የተቀባ ዘር ደግሞ ጭራሽ ለከብት አይሰጥም።

ዘሩን በተመለከተ፣ ሁሉንም በአንድ ዓመት አትዝራው፣ ዝናቡ ቢከዳህ የአባትህ ዘር አብሮ ይጠፋል። አጨዳ ሳይጀመር ማሳው ውስጥ ገብተህ ደህና ደህናውን ዛላ ምረጥ፣ ለብቻው ውቃው፣ በደንብ አድርቀህ ነቀዝ በማይደርስበት ዕቃ አስቀምጠው። ለጎረቤትህም ትንሽ ስጠው፣ አንተ ጋ ቢጠፋ እሱ ጋ ታገኘዋለህ።